የሂፓሪዮን ጣቶች

ኮሚቴው የፈረሱን ጣቶች አስቆረጠ። የቀረው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ሰሎሜ ጉዱን ያየችው ኤግዚቢሽኑ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አሰላ ያለውን አዳራሽ ከፍታ ስትገባ ነው። ሂፓሪዮን፣ ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋው ባለ ሦስት ጣት የፈረስ ዘመድ፣ በሲሚንቶ ተሠርቶ መሃል ላይ ቆሟል። በየእግሩ ግራና ቀኝ የነበሩት ትንንሽ ጣቶች ግን የሉም፤ በቦታቸው ሽቦ ብቅ ብሏል። ክረምቱን ሙሉ መጽሐፍ አገላብጣ ያሠራችው እነዚያን ጣቶች ለማሳየት ነበር። ከሥሩ ባለው ሰሌዳ ላይ ደግሞ በወርቃማ ቀለም «አጥኚ፦ ሰሎሜ ኃይለመስቀል» ተብሎ ተጽፏል።

«ጋሽ ቶላ፣ ምን ነካዎት?»

ቀራጩ መሮውን ከኋላቸው ደበቁ። «ማሎ፣ እኔን አትቆጪኝ። ሥራ ሲሉኝ ሠራሁ፣ ቁረጥ ሲሉኝ ቆረጥኩ።»

ከጎናቸው የቆሙት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ እንደሻው ግን የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። «በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነው። እንግዳ ቢያየው የአርሲ ፈረስ እግሩን ታሟል ይላል።»

«የአርሲ ፈረስ እኮ አይደለም!»

«የፈረስ አያት ነዋ።»

«አያትም አይደለም። የአጎት ልጅ ነው፤ ዘር ሳይተካ የቀረ።»

አቶ እንደሻው ደነገጡ። «ይሄን ሰው ፊት እንዳትደግሚው! ለአጎት ልጅ ሪባን ይቆረጣል እንዴ? ‹የፈረስ አያት› ብለን ስንቱን ጠርተናል!»

«ያለ ጣቱ ታዲያ ምኑን ሊያዩ ነው?»

«ፈረስነቱን! ይሄ ሁሉ ጋሪ ደጅ ላይ ይመላለሳል፤ ባለ ሦስት ጣት ፈረስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፤ ጠፍቷላ!»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ» አሉ፣ እንደረታ ሰው።

የሰሎሜ ትዕግሥት ድሮም አጭር ነው። «እንግዲያው ኮርቻም ጫኑበት!»

«ነገ ጠዋት ከበቆጂ ይደርሳል።»

ፊታቸውን አየች። አልቀለዱም።

«ወይ ጣቶቹ ይመለሱ፣ ወይ ስሜ ይነሳ።»

«ስምሽማ የትም አይሄድም፣ ልጄ። ጠያቂ ቢመጣ ማን ይመልስልናል? ሳይንሱ አንቺ ነሽ።»

ሰሎሜ መሮውን ከጋሽ ቶላ እጅ ወሰደች። ስሟን ከነአባቷ ፋቀችው፤ «አጥኚ፦» የሚለውን ተወችላቸው።

«ኧረ አንቺ ልጅ! አሁን አጥኚው ማን ይባል?»

መሮውን ኮርቻ በሚጫንበት ጀርባ ላይ አስቀመጠች።

«ድምፅ ይስጡበት» አለችና ወጥታ በሩን ዘጋችው።