ከቀኙ በር ላይ የወደቀው ማግኔት

ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ችግር የለም» ነው የሚለው። ሱሪ ያጠበበበት ደንበኛ እየጮኸ ሲመጣ «ችግር የለም»፣ መብራት ሲጠፋበት «ችግር የለም»። ሚስቱ ያኮረፈች ጊዜም ይህንኑ ብሏት ነው አሉ የባሰባት።

ይህ ሰው መኪና ገዛ። የሸጡለት፣ ልጅ ሳለ ያስተማሩትና አሁን ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናቸው። እሳቸው ፊት ዛሬም እጁን ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚቆመው። «ተነክታ አታውቅም ልጄ፤ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት» አሉት። አመነ። እሳቸውን መጠራጠር ማለት ለሱ የማባዣ ሰንጠረዥን መጠራጠር ነው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ይደውሉለታል።

«ልጄ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?»

«እጅግ በጣም ጥሩ ናት ጋሼ! አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረችኝም!»

የሚያለያየን አንድ ግድግዳ ነውና እኔም እሰማለሁ። እንደ አጯጯሁ ከሆነ ስልኩን ባይዘውም ይሰሙት ነበር።

ሱሪ ሲለካ ስፒሎቹን የሚይዝበት ክብ ማግኔት አለው። መኪናዋን ሁልጊዜ ግራ ጎኗን ወደ ሱቁ አድርጎ ያቆማታል፤ ማግኔቱንም በሯ ላይ ለጥፎ ይሠራል። አንድ ቀን አዙሮ አቆማት። ማግኔቱን ለጠፈ፤ ወደቀ። ደግሞ ለጠፈ፤ ደግሞ ወደቀ። ስፒሎቹ ተበተኑ፣ ደንበኛው ግማሽ ሱሪው ተጠቅልሎ እንደቆመ ቀረ። እኔ ስፒል እየለቀምኩ «ምነው፣ ተጣሉ እንዴ?» አልኩት። አልሳቀም።

የተጋጨ መኪና የሚጠግን ባትላሜራ ሠሪ ዘንድ ወሰድናት። እሱም በሩን በጣቱ አንኳኳ፤ ከሥር ተንጋሎ አየ፤ ተነሳና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ይሄ በር ቆርቆሮ እንዳይመስላችሁ፤ ላዩ ሁሉ የተለሰነ ስቱኮ ነው፤ ማግኔት አይዝም። በሩን የያዘው ምሰሶም ተቆርጦ ተበይዷል። ክፉኛ ተመትታ ነበር።»

«ችግር ይኖረዋል?» አለ ልብስ ሰፊው።

«በዚህ በኩል ድጋሚ የሚመታት ካልመጣ የለውም።»

ሚስቱ ስትሰማ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚያ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

እሁድ መጣ፣ ስልኩ ጮኸ። ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ፤ ሰው ነኝ።

«እጅግ በጣም ጥሩ ናት ጋሼ!»

በነጋታው ሚስቱ በሬን አንኳኳች። «እትዬ፣ ባክሽ ጠበቃ ዘንድ አብረሽን ሂጂ። ብቻውን ከላክሁት ለሷም መኪናዋን አመስግኖላት ይመጣል።»

ጠበቃዋ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ፎቅ ላይ ናት። ክፍሏ ውስጥ ከወንበሩ ሁሉ ላይ ዶሴ እያነሳን ተቀመጥን። ውሉን አነበበች። «‹ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ› ይላል።»

«እንግዲያው አለቀልኝ።»

«አላለቀም። ሻጩ እያወቀ ከደበቀህ ይቺ መስመር አታድነውም። ወይ ውሉ ፈርሶ መኪናዋን መልሰህ ገንዘብህን ትቀበላለህ፤ ወይ መኪናዋን ይዘህ የዋጋውን ልዩነት ታስመልሳለህ። ሆን ብለው እንዳታለሉህ ካስረዳን ደግሞ ለፖሊስ ማመልከትም አለ።»

«ፖሊስ? ጋሼን?» ከወንበሩ ተነሳ።

«ተቀመጥ። አለ አልኩህ እንጂ አድርገው አላልኩህም። ከሁሉ በፊት ግን ጉድለቱን እንዳወቅክ ሳትቆይ ለሻጩ መንገር አለብህ። አውቆ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ይባላል። ነግረሃቸዋል?»

«እሁድ ተነጋግረናል።»

«ጎሽ! ምን አልካቸው?»

ሚስቱ መለሰችለት፤ «እጅግ በጣም ጥሩ ናት።»

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁለተኛ እንዲህ ካልክ እኔም የምከራከርልህ የለኝም። በሩንም እንዳታሠራው፤ ማስረጃህ እሱ ነው። ወደ እሳቸው ቤት ብቻ ንዳት፤ ከዚያ ወዲያ አትንካት።» ውሉ ይፍረስልኝ የሚል ማስታወቂያ ጽፋ ሰጠችው፤ እኔም ምስክር ሆንኩ።

ሄድን። ሚስቱና እኔ ከኋላ በግራ በኩል ተጣብበን ተቀመጥን፤ በቀኝ በኩል ማንም የለም። ለሚያየን ቀኙን ለባለሥልጣን የተውን እንመስላለን።

ዳይሬክተሩ ግቢያቸው ውስጥ አትክልት ያጠጣሉ። «ልጄ! መኪናዋ እንዴት ናት?»

አፉ ሲከፈት አየሁት። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። መልሶ ዘጋውና ማግኔቱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን በሩ ላይ ይለጥፉልኝ። በቀኙ።»

ለጠፉ፤ ወደቀ።

«ማግኔትህ ደክሟል» አሉ። ዞረው ግራውን በር ሞከሩ። ጥብቅ አለ። ለማላቀቅ አልሞከሩም፤ እጃቸውን እንዳሳረፉበት ቆዩ።

«የገዛ ልጄ ነው ያጋጫት» አሉ በመጨረሻ። «በደንብ አሠርቻት ነበር እኮ። በል፣ ችግር የለም፤ እንደገና አሠራልሃለሁ።»

«ለእርስዎ የለም ይሆናል ጋሼ።» ወደ ቀኙ በር ጠቆመ። «እዚያ በኩል የምትቀመጠው ግን ሚስቴ ናት። መኪናዋን መልሻለሁ።»

ቁልፉንና ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ። ዳይሬክተሩ መረከባቸውን ፈረሙ። ልጅ ሆኖ ሰርተፊኬቱ ግርጌ ያየው የነበረው ያው ፊርማ ነው፤ አጎንብሶ ሲያየው ቆየ።

ገንዘቡ ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በጠበቃዋ በኩል ቀስ እያለ ተመለሰ። ባልና ሚስቱ አሁን በአውቶቡስ ነው የሚሄዱት።

እሁድ ጠዋት ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጦ ይሰፋል። በቀደም አላስቻለኝምና «አይደውሉም እኮ» አልኩት በግድግዳው በኩል።

«አውቃለሁ እትዬ» አለኝ። ስልኩን ግን ከዚያ አላነሳውም።