ወንድሜ ያጠፋው ቬንትሌተር

የወንድሜ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ አዲሱ ሰርቨር መጥቷል። ና አስነሳልኝ።»

እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? የቤተሰቡ የኮምፒውተር ሰው እኔ ነኝ። የማንም ቤት ቴሌቪዥን እምቢ ቢል እንኳ የሚጠሩት እኔን ነው።

ልጅቷን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሚጢጢ ነው የምንላት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ በቁመትም እኔን በጭንቅላት ትበልጠኛለች፤ ሚጢጢ እንደተባለች ግን ቀረች። አባቷ ወንድም ጋሼ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። አሁን የእሱን ፎቶ ቤት የምታሠራው እሷ ናት።

ወንድም ጋሼ እዚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሲያነሳ ኖሯል። ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን፣ አትሳቅ ሲሉት ይበልጥ የሚስቅ ጎረምሳ። የድሮዎቹን ፊልሞች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አስገባቸውና፣ ሻጋታ ጨርሷቸው ስለነበር ጣላቸው። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሰው ያለው እኔ በገጠምኩት ሰርቨር፣ ፎቶው በሚከማችበት ማሽን ውስጥ ብቻ ነበር።

የገጠምኩት የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ሁለት ዲስክ ነበረው። ሌላው ሁሉ ከመጫኑ በፊት፣ ሁለቱ ዲስኮች እንዴት አብረው እንደሚሠሩ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሬይድ ይሉታል። አንድ ቁጥርን ከመረጡ በአንደኛው ዲስክ የሚጻፈው ሁሉ በሌላውም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ዜሮን ከመረጡ ደግሞ ፋይሉ ለሁለት ይገመስና ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀመጣል። ቦታው ሰፊ ነው፣ ፍጥነቱም ደስ ይላል፤ አንዱ ዲስክ ከሄደ ግን ሁሉም ሄደ ማለት ነው።

ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። ሜኑው ላይ መጀመሪያ የተቀመጠው ዜሮ ነው፤ ሳላነብ እሺ፣ እሺ እያልኩ አለፍኩት። ወንድም ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ «አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለልኝ አይደል?» አለኝ።

«አታስብ» አልኩት።

ከሦስት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ ስከፍተው የዲስኩ ቦታ ከሚገባው እጥፍ ሆኖ አየሁት። ለካ የመረጥኩት ዜሮን ኖሯል። ለማስተካከል ፎቶውን ሁሉ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ዲስኮቹን ማጥፋት፣ ሀ ብሎ መጀመር ነው። ሁለት ቀን ይፈጃል። በሚቀጥለው ሳምንት እሠራዋለሁ ብዬ ለማንም ሳልናገር ዘጋሁት። ሳምንት ሳምንትን እየወለደ ሁለት ዓመት ሞላ።

አንድ ሙቀት የበረታበት ሰሞን አንደኛው ዲስክ ቀጥ አለ። ስደርስ ወንድም ጋሼ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ነበር።

«ምን ነካው?»

«ሁለቱም ተበላሽተዋል» አልኩት። የተበላሸው አንዱ ብቻ ነበር።

«ማሽኑን የሚያቀዘቅዘውን ቬንትሌተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጩኸቱ ደንበኛ እንዳልሰማ አደረገኝ ብዬ ሦስት ቀን አጠፋሁት። እኔ ነኝ ያቃጠልኳቸው።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዞ በየሰዉ ቤት ዞረ። «ያኔ ያነሳኋችሁ ፎቶ አለ? ለአንድ ቀን አውሱኝ፣ ገልብጬ እመልሳለሁ።» ጉልበቱ አላዝዝ እያለው አራተኛ ፎቅ፣ አምስተኛ ፎቅ ይወጣል። አንዳንዱ ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ ይስቅበታል። አንድ ቀን አንዲት እናት የሞተ ልጇን የሕፃንነት ፎቶ ፈልጋ መጣች። የእሷ ቅጂ ቤት ስትቀይር ጠፍቶባት ነበር። «እትዬ፣ የለም፤ በእኔ ጥፋት ነው የተቃጠለው» አላት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ።

ማክሰኞ ስሄድ ሚጢጢ ሰርቨሩን የኋላው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ኪቦርዱን ልወስድ ስል «ተው፣ እኔው ልሥራው። ሳነብ ነው የሰነበትኩት» አለች። አበራችው፤ ሜኑው ወጣ፤ ሁለቱን ዲስኮች መረጠች።

«ዜሮ ወይስ አንድ?»

«አንድ።»

ጣቷ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ዞራ አየችኝ። «አንድ ከሆነ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተርፋል። የአባዬ ግን ሁለቱም በአንድ ቀን… እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል?»

ያጋጥማል ብላት ታምነኝ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ነገርኳት። ዜሮውን፣ ሁለት ዓመት ዝም ማለቴን፣ ስለ ዲስኮቹ የዋሸሁትን ነገርኳት። አንድን መርጬ ቢሆን ቬንትሌተሩ ቢጠፋም ፎቶዎቹ ይተርፉ እንደነበርም ነገርኳት።

ወደ ስክሪኑ ዞራ አንድን መረጠች፤ አስቀመጠች፤ ማሽኑ ሲበራ ከሁለቱ ዲስኮች እንዲነሳ አደረገች። ፍላሹን ሰክታ ሲስተሙን መጫን ጀመረች። ጭነቱ ሲያልቅ ማሽኑን አጥፍታ «አንዱን ላውጣው?» አለች።

«አውጪው።»

አወጣችው፤ አበራችው። ማሽኑ ምንም እንዳልጎደለው ሆኖ ተነሳ።

ይሄን ጊዜ እንባዋ መጣ። «ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ነርሷን ቬንትሌተሩን ክፈቺው፣ ማሽኖቹ ይቃጠላሉ ይላት ነበር። አንተ አጠገቡ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«አንዲት ቃል ብቻ ብትነግረው!»

ዲስኩን መልሳ ሰካችና ከአባቷ ደብተር አድራሻ ገልብጣ ሰጠችኝ። «ልጇ የሞተባትን ሴትዮ ሄደህ ንገራት። አባዬ እንዲታማ አልፈልግም።»

በነጋታው ሄድኩ። ሴትዮዋ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። በሩን ከፍታ፣ እዚያው ቆማ እስክጨርስ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«ወንድምህ ሁለት ጊዜ እዚህ መጥቶ ነበር» አለች። «ይቅርታ ሊጠይቀኝ። በበሩ ቀዳዳ እያየሁት አልከፈትኩለትም። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ ቆሞ ቆሞ ሄደ።»

በሩን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች፤ የምታለቅሰው ለልጇ ሳይሆን በር ላይ ላስቀረችው ለወንድሜ ነበር። ላጽናናት እጄን ዘረጋሁ፤ በምን ፊቴ ብዬ መለስኩት። ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፤ እኔም ቀስ ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።