የልብስ ሰፊው ልጅ ቅድ

ልብስ ሰፊው መቀሱን ጨርቅ ላይ ከማሳረፉ በፊት ቅዱን ቡናማ ወረቀት ላይ ያወጣል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቷል። ቅድ ያልወጣለትን ልብስ ባለቤቱ ቆሞ ቢለምነውም አይቆርጥም።

ልጁ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ከዚያው ወረቀት አንድ ክንድ ያህል ወስዳ የአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ነደፈችበት። በየመንፈቁ የምትማረውን በሳጥን በሳጥን ከፈለችው፤ የተለያዩ አገሮችን ሥነ ጽሑፍ ማነጻጸር፣ ትርጉም፣ ሦስት የውጭ ቋንቋ። ባዶ ቦታ አልተወችም።

የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚዘጋው የዚያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። የባንክ ሠራተኛው ታላቅ ወንድሟ ሳያማክራት ቅጹን ሞልቶ "አካውንቲንግ" ብሎበታል። የቀረው የአባት ፊርማ ነው። እሷም ጠዋት ሄዳ ሌላ ቅጽ አምጥታ በራሷ ምርጫ ሞላች። ሁለቱ ቅጾች መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ወንድሟ ብዙ ተናገረ። ልብ ወለድ ሲያመሳክር የሚውል ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር ጠየቀ። ትርጉሙን እንደሆነ ስልኩም ይሠራዋል አለ።

"ወንድም ጋሼ፣ ባለፈው ከውጭ ደብዳቤ ሲመጣልህ ታዲያ ስልክህ የት ሄዶ ነው እኔን ያስጠራኸኝ?"

አባትየው አፉ ላይ የያዛቸው ስፒሎች ተነቃነቁ።

"አባዬ፣ የሱን ከፈረምክ አላስገባውም" አለች። "እቤት እቀመጣለሁ። የማልለብሰውን አትስፉልኝ።"

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ካፉ አውጥቶ ልጁ የነደፈችበትን ቡናማ ወረቀት ወደ መስኮቱ ወሰደ። እያንዳንዱ ሳጥን ምን እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ።

"ልኩ ደህና ነው። ለስፌት የተውሽው ግን የለም። እንዲህ የተቆረጠ ልብስ እጅሽን ገና ስታነሺ ብብቱ ላይ ይተረተራል። አንዱን ቋንቋ ቀንሺ።"

"እኔስ ምን አልኩ?" አለ ወንድምየው።

ልጅቷ ከቡናማው ወረቀት ጥቅል ስንዝር የምታህል ቆርጣ ከጫፉ ጋር አጣበቀች፤ ከየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሳጥን እያነሳች ወደዚያ አዛወረች። አራቱ ዓመት አምስት ሆነ።

"አልቀንስም። አስፍቼዋለሁ።"

አባትየው የተጣበቀውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ማጣበቂያው መያዙን አየ። ከዚያ የሷን ቅጽ ወደ ራሱ ሳበና ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አወረደ።

"በእርሳስ አይቀበሉም" አለችው።

እጇን ዘርግታ ከወንድሟ የደረት ኪስ እስክሪብቶውን መዘዘችና ለአባቷ ሰጠችው። ለስድስት ሰዓት ገና ሩብ ጉዳይ ነበር።