ፍሬኑ ውስጥ የቀረ አየር

ጋሼ ፍሬን አንድ ነገር ከመፍታቱ በፊት ምልክት ያደርግበታል። የቆየ ጠባዩ ነው። ቡሎንም ይሁን ቱቦ፣ የነበረበትን ቦታ በሚስማር ጫፍ ጫር ያደርግና ከዚያ ወዲያ ነው መፍቻ የሚያነሳው። «የት እንደነበረ ያላወቅኩትን ነገር እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ?» ይላል ለጠየቀው። አሁን አሁን ግን የሚጠይቀው የለም።

ፍሬን ያሉት ድሮ የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። ቁልቁለት ሲመጣ ገና ከሩቁ ፍሬን ስለሚይዝ፣ የሥራ ጓደኞቹ «አንተ እኮ ዳገት ላይም ፍሬን ትይዛለህ!» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ከእነሱ አንዳንዱ ገደል ገባ፤ እሱ በሰላም ጡረታ ወጣ። ስሙም አብሮት ወጣና ሰፈሩ ጋሼ ጨምሮበት እስከ ዛሬ እንዲሁ ይጠራዋል።

ግቢው ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ስር፣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ግንድ ላይ ተሰቅሎ ቆሟል። የተሰቀለው ለጋሼ ፍሬን ሚስት ተብሎ ነው። እሷ የተወለደችው ከወንዝ ማዶ ነው። መንገዱ ድንጋይ ብቻ፣ ወንዙም ድልድይ የሌለው። በበጋ ከፍ ያለ መኪና ይሻገረዋል፤ ዝናቡ ከበረታ ግን ወፍ ካልሆነ የሚሻገረው የለም። ታላቅ እህቷ እዚያው ቀርታለች፤ እግሯ እምቢ ካለ ቆይቷል። ጋሼ ፍሬን ጡረታ በወጣ ማግስት ይሄን ፒክአፕ እያስጎተተ አመጣና፣ «እንግዲህ የሰው መኪና ሳልለምን እህትሽ ደጅ አወርድሻለሁ» አላት።

እሷም እያሾፈች አብራው ሠራች። አየር የሚስብበትን ቱቦ ከኮፈኑ አውጥቶ፣ በመስታወቱ ጎን ወደ ጣሪያው ሲሰቅለው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችውና፣

«ይሄ ለምንድነው?» አለችው።

«ወንዝ ስንገባ ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ።»

«ጎሽ! እንግዲህ መኪናው አይሰጥምም። የምንሰጥመው እኛ ብቻ ነን።»

ባሌስትራውን በረጅም ለውጦ፣ ትልልቅ ጎማ አስገብቶ መኪናው ሽቅብ ሲያድግ ደግሞ፣ «ልትወስደኝ ነው ወይስ ትተኸኝ ልትሄድ? እኔ እዚህ ላይ በመሰላል ልወጣ ነው?» አለች። አጭር ናት፤ እውነቷን ነው። በማግስቱ በእሷ በኩል ካለው በር ስር የብረት መረገጫ በየደላት፤ ከበሩ ጎን የምትጨብጠው እጀታ ገጠመላት። ወጥታ ወርዳ ሞክራ፣ «አሁን ሰው አደረግከኝ» አለችው።

ከሥራው ሁሉ የእሷ ተብሎ የተለየው ግን የፍሬኑ ሥራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት የሚሄድበት መስመር አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባበታል። አየር የገባበት ፍሬን ሲረግጡት ሊጥ የረገጡ ነው የሚመስለው፤ መኪናውን አያቆምም። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የፍሬኑን መርገጫ ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ከስር ተኝቶ፣ ጎማው ጋ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ላላ ያደርጋል። አረፋ የቀላቀለ ዘይት ፊጭ ብሎ ይወጣል። ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከተነሳ ግን የወጣው አየር መልሶ ይገባል። ስለዚህ የሚረግጠውና የተኛው ሳይተያዩ በድምፅ ይነጋገራሉ።

«ያዢ!» ይላል እሱ ከስር።

«ይዣለሁ ጌታዬ!»

«ልቀቂ!»

«ለቅቄአለሁ ጌታዬ! በዚህ ዕድሜዬ ወታደር ቤት አስገባኸኝ!»

መርገጫው እንዲደርስላት ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት ስባ ነበር የምትቀመጠው። እሱ ዘይት ሲሞላ፣ ጎማ ሲቀይር፣ እሷ ብርቱካን ትልጣለች። ልጣጩን መኪናው ውስጥ እንዳትጥል ደጋግሞ ነግሯታል። እሷም እንደማትጥል ደጋግማ ነግራዋለች።

ከዚያ ታመመች። ሕመሙ ብዙ አላንገላታትም፤ ቶሎ ነው የወሰዳት።

ጋሼ ፍሬን ከቀብሩ በኋላ ወደ መኪናው ሲመለስ፣ ስህተቱን ያን ጊዜ አየ። መኪናውን ከፍ ሲያደርግ የፍሬኑን የጎማ ቱቦ ረስቶታል። ከመኪናው አጥንት ከሻንሲው ወደ ጎማው የምትወርደው ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥራ ቆማለች። ከፍሬን ጋር ስሙን የተካፈለ ሰው የፍሬን ቱቦ ይረሳል? ረሳ። ብረት መረገጫው ላይ፣ እጀታው ላይ ነበረ ልቡ። ረጅም ቱቦ ፈልጎ ገጠመ። ስለዚህም መስመሩ እንደገና ተከፈተ፤ አየሩም እንደገና ገባ።

የቀረውን ሁሉ ጨረሰ። ሞተሩ እንደ ድመት ያንኮራፋል። መብራቱ ይበራል። ፍሬኑ ብቻ ሊጥ ነው።

እሁድ በመጣ ቁጥር የሚስቱ እህት ትደውላለች።

«ወንድሜ፣ መኪናው ተነሳ ወይስ ዛሬም ተኝቷል?»

«ትንሽ ቀርቶታል እትዬ።»

«ይሄ ትንሽህ የማያልቅ ምን ዓይነት ትንሽ ነው?» ትልና ትስቃለች። ያን እሁድ ግን አልሳቀችም። «የእህቴን ሞት በስልክ ነው የሰማሁት። ለብቻዬ፣ ከግድግዳ ጋር ነው ያለቀስኩት። አንተን አግኝቼ አብረን ካላለቀስናት ሐዘኑ ገና አልወጣልኝም። እዚህ ደመናው ተራራውን ሸፍኖታል። ወንዙ ከሞላ እስኪጎድል ትቆያለህ፤ እኔ ደግሞ እስከዚያ መቆየቴን ማን ያውቃል?»

«በዚህ ሳምንት እትዬ። ሙች።»

«የሞተውስ ይበቃናል። መምጣቱን ና።»

በማግስቱ አየሩን ብቻውን ሊያስወጣ ሞከረ። በሩን ከፍቶ መሬት ላይ ተንበረከከና መርገጫውን በእጁ ተጫነው። ከዚያ እንጨት ቆርጦ በመርገጫውና በወንበሩ መካከል ወተረ። ሮጦ ከስር ገባ፤ ቡሎኗን አላላ። ዘይቱ ሲወጣ እንጨቱ ላላና ወደቀ፤ አየሩም ተመልሶ ገባ። እንጨቱን አስረዘመ። በገመድ አሰረ። ገመዱ ተፈታ። ቀኑን ሙሉ ሲነሳና ሲተኛ ዋለ። ማታ መርገጫውን በመዳፉ ሲጫነው ያው ሊጥ ነው፤ ወለሉ ድረስ ወረደለት።

«ያዘ እንዴ?» አለ ለራሱ።

ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ከአጥሩ ውጪ፣ በሩን አልፎ ሦስተኛው ደጃፍ ፀጉር ቆራጩ አለ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ እየጠበቀ የሚቀመጥ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ከእግሩ የረዘመ ሰው። ጋሼ ፍሬን ከሐዘኑ ወዲህ ወሬውን ፈርቶ ከሱቁ ቀርቷል። ጢሙም አድጓል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ወሬው ሰበብ ነው። ወንበሩ ነው ነገሩ። እሷ ስባ የተወችው ቦታ ላይ እንዳለ ነው። ሞተሩን ሲያስነሳ እንኳ ጋሼ ፍሬን አይቀመጥም፤ ውጪ ቆሞ፣ ማርሹ ነፃ መሆኑን አይቶ፣ እጁን በመስኮት አስገብቶ ነው ቁልፉን የሚያዞረው። ሌላ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ «ይዣለሁ» ሲል ለመስማት አንጀቱ እምቢ አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ካፊያ ነው፤ ወዲያው ቆመ። ጋሼ ፍሬን ቀና ብሎ ሰማዩን አየና፣ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ወጣ።

«ኧረ ጋሼ!» አለ ፀጉር ቆራጩ ከወንበሩ እየተነሳ። «በስንት ጊዜህ! ና፣ ና ተቀመጥ። ይሄ ጢም እኮ ወፍ ይፈለፍልበታል።»

«ለጢም አይደለም። እግርህን ፈልጌ ነው።»

«እግሬን? ሰው ሁሉ የሚፈልገው እጄን ነው!»

«ፍሬን የሚረግጥልኝ አጥቼ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ መኪና መንዳት አልችልም። ብስክሌት እንኳ አጥር ላይ ነው ያቆምኩት።»

«የሚነዳ የለም። ያዝ ስልህ ትረግጣለህ፣ ልቀቅ እስክልህ እግርህን አታነሳም። በመሃል ወሬ የለም።»

ፀጉር ቆራጩ መቀሱን አስቀመጠ። «ይሄስ ከመንዳቱ ይከብዳል» አለ።

በሾፌሩ በኩል እንደ ግድግዳ ቧጦ ወጣ። ሲቀመጥ ጉልበቱ መሪውን ገፋው።

«ምንድነው ይሄ? የሕፃን ወንበር ነው እንዴ? ጉልበቴ አገጬን ሊመታኝ ነው። ወደኋላ የሚገፋው በየት…» አለና እጁን ከወንበሩ ስር ላከ።

«አትንካው!»

ጋሼ ፍሬን እንዲህ ጮሆ አያውቅም። ፀጉር ቆራጩ ደንግጦ በክርኑ ጡሩምባውን ነካው፤ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

«ተበላሽቷል?» አለ ፀጉር ቆራጩ ቀስ ብሎ።

«አልተበላሸም።»

ሰውዬው ወደ መሪው አየ። ከመሪው ኋላ፣ መስታወቱ ስር፣ ደርቆ የተጠቀለለ የብርቱካን ልጣጭ አለ። ልጣጩን አየ፤ ወንበሩን አየ፤ ጋሼ ፍሬንን ግን አላየውም። እጁን ከስር መለሰ።

«ይሁን ጋሼ። ታጥፌ እሠራለሁ። ፀጉር ቆራጭ እንደሆነ ሲያጎነብስ ነው የሚኖረው።»

ከኋለኛው ጎማ ጀመሩ። ጋሼ ፍሬን ካርቶን አንጥፎ ከስር ገባ። አንዲት ቀጭን ቱቦ ከቡሎኗ ወደ ጠርሙስ ሰደደ።

«ያዝ!»

«ይዣለሁ! እኔ ምልህ ጋሼ፣ ያ ባለ ሱቁ ፀጉሩን ቀለም ሊቀባ መጥቶ…»

ቱቦዋ ውስጥ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ተመለሰ።

«ለቀቅክ!»

«ውይ! ወሬው እግሬን ይዞት ሄደ!»

«እንደገና።»

እንደገና ጀመሩ። ፀጉር ቆራጩ ከንፈሩን ነከሰ። «ያዝ!» «ይዣለሁ!» «ልቀቅ!» «ለቅቄአለሁ!» ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ነገሩ መስመር ያዘ። አንዱ ይጣራል፣ አንዱ ይመልሳል። የሰውዬው ድምፅ ጎርናና ነው፤ ጌታዬም አይልም። ቢሆንም ከዚያው ቦታ ነው የሚመጣው። ከላይ፣ ከወንበሩ፣ በወለሉ ቀዳዳ ሾልኮ። ጋሼ ፍሬን እዚህ ግቢ ውስጥ ተጣርቶ ሲመለስለት ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው? መፍቻውን ይዞ፣ የሻንሲውን ጥቁር ብረት እያየ ተኛ። ዘይቱ ጠርሙሱ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጋሼ? እግሬ ወለሉ ነክቷል። አለህ?»

ጋሼ ፍሬን መፍቻውን አላዞረም።

«ጋሼ! አለህ ወይ?»

«አለሁ» አለ ከስር። ቡሎኗን አጠበቀ። «አለሁ። ልቀቅ።»

የመጨረሻው ጎማ ላይ ዘይቱ ያለ አንዲት አረፋ ወጣ። «አሁን ርገጠው» አለ ከስር ወጥቶ።

«ድንጋይ ሆኗል» አለ ፀጉር ቆራጩ። ወገቡን ይዞ ወረደ፤ ቀጥ ለማለት በሩን መደገፍ ነበረበት። «ፍሬንህ ቀና፤ እኔን ግን ማን ያቃናኛል?» ከዚያ ሊሄድ ሲል ቆመ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እሷ ናት ወሬኛ ያደረገችኝ። ‹ስትላጨው ቶሎ አትልቀቀው፣ አውራው፤ ቤት ከመጣ ከመኪናው ስር አይወጣም› ብላኝ ነበር።»

ጋሼ ፍሬን እጁ ላይ ያለውን ዘይት በጨርቁ ጠረገ። የጠረገውን ደግሞ ጠረገ።

«ስመለስ እላጫለሁ» አለ።

«አላወራም።»

«ኧረ አውራ።»

ያን ምሽት መኪናውን በክሪክ እያነሳ ግንዶቹን አወጣ። መኪናው በራሱ ጎማ ቆመ። ጠዋት ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር፤ አልዘነበም ግን። ለሚስቱ እህት ደወለ።

«እትዬ፣ ዛሬ ነኝ።»

«እስከ ወንዙ ድረስ እኔንም ታንሸራሽረኛለህ?» አለች። «ግን ከፍ ያለ ነው አሉ። በምን እወጣለሁ?»

«ለአጭር ሰው የተሠራ መረገጫ አለው» አላት።

በሩን ከፈተ። ልክ ፀጉር ቆራጩ እንደሆነው ታጥፎ ሊቀመጥ ሞከረ። ፍሪሲዮኑን ሊረግጥ ጉልበቱን ሲያነሳ መሪው ከለከለው። በዚህ አቀማመጥ የድንጋይ መንገድ አይነዳም፤ ወንዝም አይገባም። የጭነት ሾፌር ነበረና ይሄን ማንም አይነግረውም። ትንሽ እንደታጠፈ ቆየ። ከፊቱ ያለው ዓለም እሷ ታየው የነበረው ነው፤ መሪው ቅርብ፣ መስታወቱ ቅርብ፣ የግቢው በር በመሪው ቀለበት መሃል።

ወረደ። ከዕቃው ሳጥን ሚስማር አወጣ። መሬት ላይ ተንበርክኮ የወንበሩን ሐዲድ በጨርቅ ወለወለ፤ ዝገቱ ለቀቀ። ከዚያ ወንበሩ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ሐዲዱን በሚስማሩ ጫፍ ጫረ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞም አጥብቆ፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ። ምልክቱን በጣቱ ዳሰሰው። አለ።

ከዚያ የወንበሩን እጀታ ስቦ ገፋው። ወንበሩ መጀመሪያ አልሄድም አለ። ቀጥሎ ሲጥ ብሎ አንድ ጊዜ ወደኋላ ሸሸ። ከስሩ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ታየ። አንድ አይደለም፤ ክምር ነው።

«አልጥልም አልሽኝ!» አለ ጋሼ ፍሬን፣ ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። ልጣጩን አልጠረገውም።

የግቢውን በር ከፈተ። መኪናው ከቆርቆሮው ጥላ ወጣ። ቅያሱ መጨረሻ፣ ትልቁ መንገድ ጋ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ ገና ከሩቁ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ቀጥ አለ።

«ያዘ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ከጎኑ ወዳለው ባዶ ወንበር።

ሞተሩ ያንኮራፋል። አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ አረፈች። ጋሼ ፍሬን መልስ እንደሚጠብቅ ሰው እግሩን ሳያነሳ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ማርሽ አስገባና ቀስ ብሎ ለቀቀው።