አፉ የተበረገደ ሞተር

መካኒኩ ሽባባው ሲናደድ የሚናገረው አይሰማም፤ የሚሰማው ቁጣው ብቻ ነው። ይህን ከራሱ በቀር የቆሰበር ከተማ ሁሉ ያውቃል። ያን ዕለት ያናደደው አንድ ቃል ነበር።

«ስማው እስቲ፣» አሉ ጋሽ ደርበው ከሞተር ሳይክላቸው ሳይወርዱ፣ እያስጓሩት። «አሁን ገና ተነፈሰ። ማዶ ጋራዥ ያሉት እነ ዮናዳብ ያንተን የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ አውልቀው የሽቦ ፊልትሮ ገጠሙለት። ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የወጣው። እንካ ስፖንጅህን፣ ለሌላ ይሁንህ።»

ጋሽ ደርበው ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ እግራቸው ይህ አርባ ዓመት ያለፈው ሞተር ነው። እሱ ከቆመ የአዘና ገበሬ ላም ምጥ ሲጠናባት የሚደርስላት የለም።

«ሞተር ሳንባ የለውም፣ ጋሽ ደርበው። አየርና ቤንዚን በልክ ነው የሚፈልገው።»

«ካልተነፈሰ በምን ሊሄድ ነው? በጸሎት?»

ጋራዡ በር ላይ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። የሽባባው ድምፅ ከፍ አለ።

«እዚህ ደጋ አየሩ ስስ ነው። ሲንተፋተፍ የኖረው ቤንዚን በዝቶበት ነው። መድኃኒቱ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ መቀየር ነበር፤ ይህንንም ካምና ነግሬዎታለሁ። እነሱ አፉን በረገዱት። እዚህ ይበርልዎታል። ጫግኒ ሲወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ይግላል። አቧራውስ? ያ ሽቦ ዝንብ ይይዝ እንደሆነ እንጂ አቧራ አይይዝም። አቧራ የሚይዘው ዘይት የጠጣ ስፖንጅ ነው።»

«ቀናህ እንዴ፣ ሽባባው?»

ሽባባው አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ሲሊንደሩ ሦስት ጊዜ በቶርኖ ተፍቆ ሰፍቷል፤ በሰፋ ቁጥር ወፈር ያለ ፒስተን ገብቶበታል። አሁን ያለው ፒስተን የመጨረሻው ነው፤ ከእሱ የሚወፍር አልተሠራም። እንደገና ቢፋቅ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። ይህን መናገር ነበረበት፤ አፉ ላይም ደርሶ ነበር። «ቀናህ» የምትለዋ ቃል ቀደመችውና ዋጠው።

«ይሂዱ። ዮናዳብ ያስተንፍስልዎት። ሲሞት ግን እዚህ እንዳያመጡት።»

ስፖንጁ እጁ ላይ ነበር። ለመግጠም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጋሽ ደርበው እየሳቁ የጫግኒን መንገድ ያዙ።

በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ተመለሱ፤ እሳቸው ጋቢና፣ ሞተሩ ከበቆሎ ጆንያ ጋር ከላይ። ሽባባው ያለውን ረስቶ አወረደው፤ ፈታው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አውጥቷል። ፒስተኑ ጎኑ ቀልጧል። ዘይቱ ከጫግኒ አቧራ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆኗል።

«ከጥርጊያው መንገድ እንደገባሁ ድምፁ ተለወጠብኝ፣» አሉ ጋሽ ደርበው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው። «ቁልቁለቱን ጨርሶ ቀጥ አለ። አስፋውና ሌላ ፒስተን አስገባበት።»

«ከዚህ በኋላ ፒስተን የለውም። ይህ የመጨረሻው ነበር።»

«የመጨረሻው?»

«አዎ።»

ሽማግሌው የቀለጠውን ፒስተን አነሱት። «ይህን ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ እኮ አልሄድም ነበር፣ ሽባባው።»

«ነግሬዎት ነበር» ሊል አሰበ። ስለ አየሩ ነግሯቸዋል፤ ስለ አቧራው ነግሯቸዋል። በነገሩ ሁሉ ትክክል ነበር፣ ባለ ባጃጆቹ ሳይቀሩ አሁን አምነውለታል። የምታስቆማቸውን አንዲት ቃል ግን አልተናገረም፤ በእሷ ፋንታ ሰድቦ ሸኛቸው። ትክክል መሆኑ አሁን ከዚያ ከቀለጠ ብረት የበለጠ ጥቅም አልነበረውም።

የጋሽ ደርበው ስልክ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነበር፣ ከአዘና። ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቷል፤ ላሚቱ ከሌሊት ጀምሮ እያማጠች ነው።

«ውሃ ስጫት፣ እታለማሁ። እንዳትጎትቱት፣» አሉ። ዓይናቸው መሬት ላይ በተበታተነው ሞተር ላይ ነው። «መንገድ ላይ ነኝ። ደረስሁ።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።