አንደኛ የወጣው የጭድ ጥጃ

"ሻሼ የምትሸጥ ከሆነ እኔንም አብራችሁ ሽጡኝ!" አልኩ፣ ስብሰባው መሀል ብድግ ብዬ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ይሳቁ። ከላም ጋር ኖሮ የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ።

ጠጄ እባላለሁ። አቃቂ በሰቃ፣ ከድሮው ባቡር ሐዲድ ጀርባ፣ አንዲት ላም ይዤ እኖራለሁ። ባሌ ከፋብሪካ ጡረታ በወጣ በዓመቱ አረፈ። ልጅ አልወለድንም። ሻሼን ግን ገና ጊደር ሳለች ገዝቶልኝ ነበር። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው ሻሼ ያልኳት። ጠዋት በር ስከፍት ሰምታ "እምቧ" ትለኛለች፣ እኔም "እምቧ" እላታለሁ፤ እግዜር ይመስገን ነጋ ማለት ነው። ጎረቤት "ጠጄ ለይቶላታል" ይላል። ይበል።

ታዲያ ያን ዓመት ወረዳችን መመሪያ አወጣ። አዲሶቹ ባለ ኮንዶሚኒየሞች የእበት ሽታ አላስቀምጥ አለን ብለው አቤት ብለዋል አሉ። ስለዚህ በመኖሪያ ግቢ ላም ማርባት ክልክል ሆነ። ከወንዙ ማዶ የቆርቆሮ ሼድ ተሠርቷል፤ እዚያ ቦታ ያገኘ ይገባል፣ ያላገኘ ላሙን ይሸጣል። ሼዱ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ማን ይግባ ቢባል፣ የከተማ ግብርና አስተባባሪው አቶ ቀናው መልሱ ኪሱ ውስጥ ነበር።

"ጭንቀት የሌለበት እንስሳ ቅድሚያ ያገኛል!" አለ።

ይህን ከየት አመጣው? ከዶክተር ትንቢት ነው። ትንቢት ለጥናት የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ልጅ እግር፣ ቦቲ ጫማ ካደረገች የማታወልቅ። ላሞች ከቦታ ቦታ ሲሄዱ፣ ከጥጃቸው ሲለዩ፣ ምን ያህል እንደሚጨነቁ ታጠናለች። ልባቸውን ታዳምጣለች፣ ምራቃቸውን በጥጥ ትወስዳለች፣ ጆሯቸውን ቁጭ ብላ ታያለች። ለምን ብትሉ፣ ሼዱ ሲሠራ ለላሞቹ እንዲመች አድርጎ ለማሠራት። አቶ ቀናው ግን ጥናቱን እንደ ሚኒስትሪ ፈተና ቆጠረው። የተለካ ነገር ደረጃ ካልወጣለት እንቅልፍ አይወስደውም።

እኔ ሆዬ ልቤ ወደቀ። ሻሼ ጥጃዋ የሞተባት በዚያው ሰሞን ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ጮኸች፤ ወተቷን ቋጥራ አንዲት ጠብታ አልለቅም አለች። አባባ ሮሪሳን ጠራኋቸው። ጎረቤቴ ናቸው፣ እዚሁ አገር ተወልደው ያረሱ፣ የላም ነገር ከእጃቸው የማይወጣ። የጥጃውን ቆዳ ገፈው፣ አድርቀው፣ ጭድ ሞልተው ሰፉልኝና ላዩ ላይ የጨው ውሃ ረጩበት። ከብት የሚያረባ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። አጠገቧ ስናቆመው አሸተተችው፣ ላሰችው፣ ወተቷም መጣ። እየላሰች መሀል መሀል ላይ ቀና ትልና "እምቧ" ትለዋለች። ከዚያ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። የጭድ ጥጃ ምን ብሎ ይመልስ?

የልኬታው ቀን ላሞቻችንን ነድተን ወረዳው ሜዳ ወጣን። እኔ ሻሼን በገመድ እየሳብኩ፣ ጥጃውን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ። አቶ ቀናው ድምፅ ማጉያ ይዞ "እያንዳንዱ እንስሳ ለብቻው ይለካል! ኩረጃ እንዳይኖር!" አለ። ከማን ነው የምትኮርጀው? ማን ሰምቶኝ! ጥጃውን ከእጄ ነጥቀው ሜዳው ዳር አቆሙት፤ ሻሼን ወዲህ አሰሯት። ወዲያው ጩኸቷን አቀለጠችው። ሚዛኑን ገለበጠች፣ አሳሪውን በርግጫ አለችው። ዶክተሯ ማዳመጫዋን የሻሼ ደረት ላይ አድርጋ ጥርሷን ነከሰች።

"እትዬ ጠጄ፣ ይቺ ላም እንዲህ የሆነችው ከጥጃዋ ስለለዩዋት መሆኑን አውቃለሁ" አለችኝ።

"አንቺ ብታውቂ ምን ዋጋ አለው ልጄ፣ እሱ ይወቅ እንጂ።"

ከዚያ ወደ ጥጃው ሄደችና እሱንም ልትለካው ጎንበስ አለች። "ማነጻጸሪያ ይሆነኛል" ብላ ፈገግ አለች። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ ምነው በቀረብኝ።

በሳምንቱ ውጤቱ ሊነበብ አዳራሽ ተጠራን። አቶ ቀናው ጉሮሮውን ጠረገና "አንደኛ! ቁጥር አስራ ሰባት! የወይዘሮ ጠጄ ጥጃ! ጭንቀት፣ ዜሮ! አይፈራም፣ አይራገጥም፣ መኖ አያባክንም፣ ቅሬታ የለውም!" አለ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ቀጥሎ እስከ ታች አነበበና መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። መጨረሻ የወጣችው ሻሼ ናት። ጥጃው ሼድ ይገባል፣ ላሚቱ ትሸጣለች። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት! ያኔ ነው ብድግ ብዬ ያን የተናገርኩት።

"ሰዎች! ጥጃው እኮ ሞቷል!" አልኩ። "ጭድ ነው! አባባ ሮሪሳ ይመስክሩ!"

አባባ ሮሪሳ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "የገፈፍኩትም የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ሆዱ ጋ ያለው ስፌት የኔ ነው" አሉ።

"አባባ፣ አስተዋፅኦዎን አናጣጥልም" አለ አቶ ቀናው በትሕትና። "ግን ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል።"

"ይመለሳ!"

"ወደ ላይ የሄደ ሪፖርት እንዴት ይመለሳል?" አለኝ፣ ከልቡ ገርሞት።

ዶክተር ትንቢት ፊቷ ቀልቶ ተነሣች። "አቶ ቀናው፣ ዜሮ የመጣው እኮ ልብ ስለሌለው ነው።"

"ዶክተር፣ እኛ የምንገመግመው ውጤት ነው። ምክንያት ከጀመርን አንጨርስም።"

ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና ወይዘሮ ጠጄ የገዛ ጥጃቸውን ስኬት ለማጣጣል መነሣታቸው የአመለካከት ችግር ነው አለ። ሌላው ደገፈው። ግለ ሂስ ያድርጉ ተባልኩ! በሞተ ጥጃ! ልስደባቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ሻሼ ቄራ በር ላይ ቆማ ታየችኝ፣ ስድቤንም ዋጥኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ማለት ደግሞ ላም አያድንም። በራሳቸው ቋንቋ ልምጣባቸው አልኩ።

"እሺ፣ ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ። "ጥጃዬን ንቄዋለሁ። ሞዴል ነው። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ለአምስት አደረጃጀት ለሰው ብቻ ነው?"

በዚያ ዘመን አንድ ለአምስት ያልተደራጀ ነገር የለም፤ አንድ ጎበዝ አምስት ሰነፍ ይይዝና ያበቃል።

"ሞዴል ተብሎ ለብቻው የሚቀመጥ አለ እንዴ?" አልኩ። "ደካሞቹን ይዞ ማብቃት የለበትም? ከሁሉም ደካማዋ ደግሞ ሻሼ ናት፤ ብላችኋል።"

አቶ ቀናው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ቀስ እያለ ፊቱ በራ። "ይህ ገንቢ ሐሳብ ነው!" አለ። እንዲያ ሆኖ ሻሼ የሞተ ልጇ ተማሪ ሆና ሼድ ገባች። ሌሎች አራት ከመጨረሻ የወጡ ላሞችም አብረው ተመደቡ፤ ባለቤቶቻቸው ጉንጬን ስመው ሊጨርሱት። አቶ ቀናው በየሳምንቱ እየመጣ የልምድ ልውውጡን ያያል። ሻሼ ጥጃዋን ትልሳለች፣ እሱ "ጥሩ መቀራረብ አለ" ይላል። እኔ ወተቴን አልባለሁ። ይመቻቸው፣ እኔ ምን ቸገረኝ።

ደስታ ግን አይበረክትልኝም። አንድ ቀን አይሱዙ መጣ። ጥጃው ለኤግዚቢሽን ተመርጧል ተባለ። አንገቱ ላይ ሪባን አሰሩለት፤ ፀሐይ እንዳይነካው ጥላ ያዙለት። ሲጭኑት ስፌቱ ትንሽ ተተርትሮ ጭድ ጠብ ጠብ አለ፤ ያየ ሁሉ ወደ ሌላ አየ። ሻሼ መኪናውን በዓይኗ ተከትላ ጮኸች። ኤግዚቢሽኑ አለቀ፣ ጥጃው አልተመለሰም። ወረዳ ሄጄ ብጠይቅ "ለተሻለ ኃላፊነት ተፈልጓል" አሉኝ።

ሻሼ እንደገና ወተቷን ቋጠረች። ፋጉሎ ብሰጣት አልቀምስ አለች፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጠፈ። አቶ ቀናውም መጣና "መሪ የሌለው ቡድን ይፈርሳል" አለ። "ነገ ጠዋት ከዶክተር ጋር መጥተን እናያለን። ተተኪ ከሌለ ሼዱ ይለቀቃል።" አባባ ሮሪሳ ጋ ሮጥኩ። "ቆዳ ከየት ላምጣ ጠጄ? የሌላ ጥጃ ቆዳ ብሰፋላት በጠረኑ ታውቅብናለች" አሉኝ። እኔ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሳላፍር አለቀስኩ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በማግስቱ በማለዳ ሼድ ገባሁ። ነጠላዬን አወለቅኩ፣ ጨው በውሃ በጥብጬ ክንዴን፣ አንገቴን፣ ጆሮዬን ተቀባሁ። ከዚያ ጥጃው ይቆምበት የነበረው ገለባ ላይ በእጄና በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ሻሼ አየችኝ። ቀረብ አለች። አሸተተችኝ። ምላሷ እንደ ሞረድ ይፋቃል፤ ከክንዴ ጀምራ ወደ አንገቴ ወጣች፣ ፀጉሬን አበጠረችው። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሳቁ ጠፋና ሌላ ነገር መጣብኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ የዳበሰኝ የለም። ከጡቷ ወተት ገለባው ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

እንዲያ እንዳለሁ አቶ ቀናውና ዶክተር ትንቢት ገቡ። ልነሣ አልኩ፣ ግን ሻሼ አገጯን ጀርባዬ ላይ ጥላለች። አቶ ቀናው እኔን አየ፣ ላሚቱን አየ፣ ወተቱን አየ።

"ተተኪው?" አለ።

"አዎ" አልኩ። ምን ልበል?

ራሱን ነቀነቀ። ቁጥር አስራ ሰባት የሚለውን የጆሮ ምልክት ከኪሱ አወጣና በክር ጆሮዬ ላይ አንጠለጠለልኝ፤ ጨዋ ነው፣ አልበሳኝም። "ዶክተር፣ ይለካ።"

ዶክተር ትንቢት አጠገቤ ተንበረከከች። ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ቆይታ ቆይታ "ይመታል" አለች።

"ልቡ?"

"ልቧ። በኃይል ነው የሚመታው።"

አቶ ቀናው ከንፈሩን መጠጠ። "ከቀድሞው ዝቅ ያለ ነው" አለ። ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ግዴለም። በሂደት ይስተካከላል።"

ቡድኑ ይቀጥላል ብሎ ወጣ። ሻሼ አገጯን ከጀርባዬ አነሣች። "እምቧ" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጥጃዋን በምትጠራበት። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች።

ዶክተሯ እያየችኝ፣ "እምቧ" ብዬ መለስኩላት።