ሩብ ዙር

እናቴ የአባቴን ሞተር ሳይክል «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። አባቴ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቧ ሲንበረከክ፣ እማዬ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና «ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ተንበርክከህ ታውቃለህ?» ትለዋለች። እሱም ቀና ሳይል «አንቺ ዘይት አታንጠባጥቢም» ይላታል። እኔ ከመወለዴ በፊት የጀመረ ጭቅጭቅ ነው። አንድም ቀን የምር ሆኖ አላየሁትም፤ አንድም ቀን ደግሞ ሲቀር አላየሁም።

ጣውንቲቱ የምታድረው ሳሎን ውስጥ ነበር። ግቢው የጋራ ነው፣ ጣሪያ ያለው ጥግ የለውም። አባቴ ደግሞ ልጆቹን ዝናብ ቢመታቸው «ይጠነክራሉ» የሚል፣ እሷን ግን ጤዛ እንዳይነካት የሚሳሳ ሰው ነው። መስኮቱ ሥር ትቆማለች፤ ከሆዷ በታች የምታንጠባጥበውን ዘይት የሚቀበል የዱቄት ወተት ጣሳ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ በአልጋ ልብስ እንሸፍናታለን። አንድ ጊዜ የአባቴ አክስት የታመመ ሰው የተኛ መስሏት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትጫወት ቆይታ፣ ስትወጣ «እግዜር ይማረው» አለች። እማዬ ፈገግ እንኳ ሳትል «አሜን» አለቻት።

አባቴ ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው። ሞተር መጠገን ማንም አላስተማረውም። አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ወይ መካኒክ ይሆናል ወይ እግረኛ፣ እሱ ደግሞ መራመድ አይወድም። የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን ሞተር ሰምቶ «ይሄ ሰውዬ ካንዴላውን ካልቀየረ ዳገቱን አይወጣም» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ሰውዬው ሞተሩን እየገፋ ይመለሳል። አባቴ ውሃ ያቀብለዋል፤ ቤንዚን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላም ካለው ያቀብለዋል።

እሁድ እሁድ ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ ይነጠፋል። አባቴ ከግራ ወደ ቀኝ እየፈታ ይደረድራል፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያነሳ ይገጥማል። አንሶላውን የረገጠ ልጅ ወዮለት። ብሎን የሚታጠብበት ትሪ የእማዬ ነው፤ ቤንዚን የሚጠልበት የሻይ ማጥለያም የእማዬ ነው። በልጅነቴ ሻይ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ይመስለኝ ነበር። ሰው ቤት ሄጄ ንጹሑን ስጠጣ የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሩቧ ጠዋት ነበረች። ካርቡሬተሩ ላይ፣ አየርና ቤንዚን በሚቀላቀሉበት ቦታ፣ የጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ ብሎን አለች። ወደ ውስጥ ስትገባ አየር ታሳንሳለች፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ብርድ ሲገባ ሞተሯ እንደዚያ ይመቻታል። ስለዚህ ክረምቱ ገብቶ የመጀመሪያው ቅዝቃዜ በመጣ ጠዋት አባቴ ቁርስ ሳይቀመስ ሦስታችንን፣ እኔንና ሁለቱን ወንድሞቼን፣ ያሰልፈንና «ዘንድሮ ተራው የማን ነው?» ይላል። ባለተራው ካቻቢቴውን ይይዛል። አባቴ እጁን በእጁ ላይ ያደርግና «ሩብ ዙር ብቻ» ይላል። «ከሩብ ያለፈው ስግብግብነት ነው።» ከዚያ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጭሱ የተሰጣ ልብስ ላይ ይሄዳል፣ እማዬ ትጮኻለች። ዛሬ የራሴ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ፣ ሰዎችም እመቤት ይሉኛል፤ ግን ተራዬ እንደደረሰባት ጠዋት ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም።

ዘመኑ ሄደ። ማተሚያ መኪናው ሲጮህበት የኖረው የአባቴ ጆሮ እየከበደ መጣ፣ እጁም መንቀጥቀጥ ጀመረ። አምና መንገዱ መታጠፊያ ላይ ከነሞተሯ ወደቀ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሞተር የለም» አለው፤ እኛም ልጆቹ ተሰብስበን ትሸጥ አልነው። ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«በዚያ በር የገባችው እየነዳኋት ነው። ስትወጣም በራሷ ትንፋሽ ትውጣ። በገመድ ተጎትታ ስትወጣ እንዳታሳዩኝ።»

ገዢውን ያገኘው ታላቅ ወንድማችን ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ነገር ሳያጣራ አይናገርም። ሰውየው አሮጌ ሞተር ይሰበስባል። ከተነሳች ራሱ ይነዳታል፤ ካልተነሳች ግን ፈታትቶ ለመለዋወጫ ያደርጋታል። አባቴ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ትነሳለች» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላው እንደገና ተነጠፈ። አንድ ከሰዓት ላያቸው ስሄድ፣ የመለኪያ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሞተሯ እየሠራች ነው። አባቴ ካቻቢቴውን ይዞ ተቀምጧል፣ እማዬ በርጩማ ላይ ሆና ወደ ሞተሯ አዘንብላለች።

«እንዴት ናት?» ይላታል።

«ትስላለች።»

«ደረቅ ነው እርጥብ?»

«እርጥብ። ጉሮሮዋ ላይ ነው።»

ብሎኗን ነካ ያደርጋል። «አሁንስ?»

«እ... አሁን ተመቻት።»

ያኔ ገባኝ። የእኛ «ጆሮ» ከሰማ ቆይቷል። ስንት ዓመት «ይሄ ጩኸት ገደለኝ» ስትል የኖረችው ሴትዮ፣ ያን ጩኸት ከማንም በላይ በቃሏ ይዛው ኖሯል። ሳልጠራቸው ወደ ግቢው ተመልሼ ጥቂት ቆየሁና እንደ አዲስ ኳ ኳ አድርጌ ገባሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ርግጫ ተነሳች። ገዢው እሁድ ጠዋት ይመጣል ተባለና ሁላችንም እዚያው ለማደር ተሰበሰብን። አመሻሹ ላይ ነፋሱ ዞረ፤ ዝናብ ጣለ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ። የክረምቱ የመጀመሪያ ብርድ መሆኑ ነው። ሁላችንም በየፊናችን ሞተሯን ሰረቅ አድርገን አየናት።

እሁድ ጠዋት ገዢው በሰዓቱ መጣ። ጋሪ አስከትሏል፤ ትከሻው ላይ ገመድ ጠምጥሟል። ገመዱን ሳይ ቱግ አልኩ።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ለምናልባቱ ነው፣ እህቴ» አለኝ፣ በትሕትና። ትሕትናው ይባስ አናደደኝ።

አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ ነበር። ሞተሯን ወደ ግቢው አወጣናት። ፔዳሉን ረገጠ። ምንም። እንደገና ረገጠ። እስኪደክመው ረገጠ፤ እሷ ግን ጭራሽ እንደማታውቀን ዝም። ታናሽ ወንድሜ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ቤት ውስጥ «ችኩሌ» የምንለው፣ «እኔ ልሞክር» ብሎ ሊዘል ሲል እማዬ በዓይኗ መለሰችው።

ገዢው ጉሮሮውን ጠረገ። «አባት፣ አይቸገሩ። ባትነሳም እኮ እወስዳታለሁ።»

«እሱን አይደል የፈራሁት፣ ልጄ» አለው አባቴ።

በርጩማ ጠየቀ። ተቀምጦ ካንዴላውን ፈታና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «ሰክራለች» አለ። «ቤንዚን አጠጥታችሁ አስክራችኋታል።» ከዚያ ካቻቢቴውን ብሎኗ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ አዞረ፤ ወዲያው መጨረሻዋን ነካች። ቀና ብሎ አንድ በአንድ አየን።

«ትናንት በዙር ተኩል ላይ ነበረች። አመሻሽ ብርዱን አይቼ ሩብ አስገባሁ። አሁን የቀራት ሩብ ብቻ ነው። ሙሉውን ዙር ማን በላው?»

ታላቅ ወንድማችን ክራቫቱን እያስተካከለ «እኔ...» አለ። «እራት ከመቅረቡ በፊት። ብርድ ሲገባ የረሳህ መስሎኝ። ሩብ ብቻ ነው።»

«እኔም» አልኩ። ሲነጋ ተነስቼ ነው፤ እንደ ሌባ በጣቴ እየተራመድኩ።

ችኩሌ አንገቱን አከከ። «እኔ ደግሞ ቅድም ስወለውላት። ሩብ ናት፣ አባዬ ሙት! አልተስገበገብኩም።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ተረት ለካርቡሬተር አይሠራም። ሁላችንም በየፊናችን አባቴ ያስተማረንን አደረግን፣ በትክክል እንዳስተማረን፣ እጃችን ላይ እጁ እንዳለ ያህል። አባቴ መሳቅ ጀመረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ እንባው መጣ፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አላውቅም። እኛም ሳቅን። ሳቁን ያቋረጠው የሒሳብ ሠራተኛው ነው።

«ቆይ፣ ቆይ። ሦስት ሩብ ነው የተገኘው» አለ ጣቱን እያጠፈ። «ሙሉ ዙር ነው የጠፋው። አንድ ሩብ ይጎድላል።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የብሎኗን ራስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አይታይም እንጂ ይዳሰሳል፤ አዲስ ጭረት ነበረባት። የካቻቢቴ አይደለም፤ ሰፋ ያለ ስስ ነገር ተንሸራቶ የጫረው ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ። ቀና አለና በሩ ላይ የቆመችውን እናቴን አያት።

«አንቺም?»

እማዬ እርጥብ ያልሆነ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ሞተሯ እያየች መለሰች።

«ለሁሉም ተራ ደርሷል። ለእኔ ደርሶኝ አያውቅም። ዛሬ ልትሄድ ነው ብዬ...»

አልጨረሰችውም። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በየክረምቱ «የማን ተራ ነው?» ሲባል፣ እሷ በር ላይ የምትቆመው ለጭቅጭቅ ብቻ ይመስለን ነበር። አንዳችንም ዞር ብለን አላየናትም።

አባቴ እጁን ዘርግቶ ካንዴላውን ሰጣት። «ምድጃሽ ላይ አድርቂልኝ።» በፒንሳ ይዛ ገብታ፣ እሳቱ ላይ እያገላበጠች አድርቃ አመጣችው። እሱ እስከዚያው ፔዳሉን ደጋግሞ በእጁ እየገፋ የተጠራቀመውን ቤንዚን አስወጣ፣ ብሎኗን ወደ ዙር ተኩል መለሳት። ካንዴላውን ገጠመ። ካቻቢቴውን አዙሮ እጀታውን ወደ እማዬ አቀና።

«ተራሽ ነው።»

ተንበረከከች። እሱም ከአጠገቧ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን። የሚንቀጠቀጥ እጁን እጇ ላይ አደረገ። አብረው አንዲት ሩብ ዙር አዞሩ፤ የማን እጅ የማንን እንደደገፈ ለማወቅ ይከብዳል። «ከሩብ ያለፈው...» ሲል «አውቃለሁ!» አለችው።

ተነሳ። ረገጠ። አሳለች። እንደገና ረገጠ። ተነሳች፤ ግቢው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጭሱ የጎረቤት ገመድ ላይ የተሰጣው አንሶላ ላይ ሄደ። እማዬን አየኋት። አልጮኸችም።

ገዢው ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ጋሪው ላይ ጣለና ወጣባት። «በደንብ እይዛታለሁ፣ አባት» አለ፤ ይሄኔ ወደድኩት። በበሩ በራሷ ትንፋሽ ወጣች።

አባቴ እስከ መንገዱ ሸኛት። እማዬ ከጎኑ ቆመች፤ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው።

«የት ደረሰች?» አላት።

«መታጠፊያው ላይ ናት። ማርሽ ቀየረ።»

«በጊዜው ቀየረ?»

«ትንሽ ዘገየ። ይለምዳል።»

«አሁንስ?»

«ዳገቱን ጀመረች።»

ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እኔ የምሰማው የጎረቤትን መጥረጊያ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ቆነጠጥኩት።

«አሁንም ትሰሚያታለሽ?»

«እሰማታለሁ።»

«አታስልም?»

«ኧረ አታስልም።»

«ሩቧ በቃቻት ማለት ነዋ» አለ አባቴ።

«በቃቻት» አለችው እማዬ፣ ጆሮዋን ወደ ባዶው መንገድ እንዳዘነበለች።